የብሎካችን ጎመንና የእኔ መንጋጋ

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ደም አያቀጥንም። ነርሷ ያቀጥናል ብላኛለች፣ መድኃኒት ሻጩ ብሎኛል፣ ከቃሊቲ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰውም ሳልጠይቀው ብሎኛል። ሁሉም ተሳስተዋል። ደሜ እንደማንኛውም ሰው ደም ነው፤ ውኃ የበዛበት ጠላ አልሆነም። መድኃኒቱ የሚያደርገው ደሙ ለመርጋት እንዲዘገይ ብቻ ነው። እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ቁጠሩት፤ ሥራውን አልለቀቀም፣ አልታመመም፣ ወንበሩም ላይ ተቀምጧል፤ ጉዳያችሁን ግን ዛሬ አይጨርስላችሁም።

ሁለተኛው የሰው ሁሉ አባባል «ጥርስ ከመነቀልህ በፊት መድኃኒቱን አቁመው» የሚለው ነው። የመጀመሪያው አባባል ስህተት ብቻ ነው፤ ይኸኛው ሰው ይገድላል። በእኔ ላይ የመጣው አደጋ ግን በዚህም በር አልገባም። የገባው በሳህን ተከድኖ፣ ከነምርቃቱ፣ በጎመን መልክ ነው።

ልጅ ሳለሁ በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ልቤን ሲጎዳው ኖሮ፣ ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ሐኪሞች ደረቴን ከፍተው የተበላሸውን የልብ በር አወጡና የብረት በር ገጠሙልኝ። በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ እንግዳ የእጅ ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ሲያዳምጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሚስቴ ለምዳዋለች። «ከግድግዳ ሰዓት ይሻላል፤ ባትሪ አይጠይቅም» ትላለች።

ደም እንዲህ ያለ ባዕድ ነገር ላይ ሲያርፍ መርጋት ይወዳል። የረጋው ቁራጭ ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ሰውየው ወይ ግማሽ ጎኑን ያጣል፣ ወይ ሙሉ ራሱን። እኔ በየምሽቱ የምውጣት ትንሽ ክኒን ይህን ለመከላከል ናት። ክኒኗ ከልክ ካለፈች ደግሞ ደሜ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ አልቆም ይላል። ስለዚህ ደሜ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በየጊዜው በቁጥር ይለካል። ቁጥሩ ከሁለት ተኩል በታች ከወረደ የብረቱ በር አደጋ ላይ ነው፤ ከሦስት ተኩል በላይ ከወጣ እኔ ራሴ የተሰነጠቀ እንስራ ነኝ። ሕይወቴ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ መተላለፊያ ናት።

«ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ አረንጓዴ ቅጠል የተባለ ሁሉ የዚህ ክኒን ባላጋራ ነው» ብሎኝ ነበር የልብ ሐኪሜ ገና ከጅምሩ። «ተወው አልልህም። ልኩን ግን ጠብቅ። ዛሬም ትንሽ፣ ነገም ያችኑ ትንሽ። ሳምንቱን ሙሉ ጎመን ስትበላ ከርመህ ከመጣህ፣ ክኒኑን ብትውጠውም እንዳልዋጥከው ነው።»

ቀላል ነገር መሰለኝ። ሐኪሙም እኔም አንድ ነገር ዘንግተን ነበር፤ በአገራችን ሰው የሚበላውን ልክ የሚወስነው በላተኛው አይደለም።

የታችኛው ቀኝ መንጋጋዬ ያበጠው በሁዳዴ ጾም ነው። የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ጾመኛ አይደለሁም፤ ማድቤቱ ግን ይጾማል፣ እኔም የማድቤቱ ተገዢ ነኝ። ጉንጬ እንደ ተነፋ ኳስ ሆኖ ሳሪስ አንድ ፎቅ ላይ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት፣ ቀልጣፋና ፈገግተኛ ነበረች። አፌን አስከፍታ ሁለት ጣቷን ካስገባች በኋላ ነው የጠየቀችኝ።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ዋርፋሪን።»

ጣቶቿ የጋለ ብረት እንደነኩ ወጡ።

«ለምን ይወስዳሉ?»

«ልቤ ውስጥ ብረት አለ። ከፈለግሽ ስሚው።»

ጎንበስ ብላ ሰማችው። ደስ አላላትም። «ጥርሱ መውጣት አለበት» አለች ቀና ብላ፤ «ግን መድኃኒቱን አቁመው ይምጡ።»

«ካቆምኩ አልመጣም።»

«እንዴት?»

«ሰው ተሸክሞ ካላመጣኝ።»

የልብ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ማንም ክኒኑን አያስቆምህም» አለኝ። «ከድድ የሚፈስ ደም በጨርቅ ተጭነኸው ይቆማል፤ ትስፋው፣ ታስነክስህ። አንጎል ውስጥ የገባ የረጋ ደም ግን ማን ይጫነዋል? ጥርሱም ቢሆን አይሰንብት፤ መግሉ በደም ሄዶ ብረትህ ላይ ከሰፈረ ሌላ ጣጣ ነው። ዋዜማውን ደምህን ተለካ። ቁጥሩ በልኩ ከሆነ ሂድ፤ ካልሆነ አትሂድ።»

ወደ ሳሪስ ተመለስኩና የእሱን ቃል አደረስኩ። እሷም ሌላ ቃል ሰጠችኝ፤ እሱን ይዤ ሄድኩ። ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይህን ያህል አይመላለስም፤ እሱስ ቢሆን ጠላ ይቀዳለታል። በመጨረሻ በእኔ ስልክ አገናኘኋቸውና እኔ ሳላውቀው በእኔ አፍ ጉዳይ ተስማሙ። ቀጠሮ ተያዘ። እስከዚያው እብጠቱን የሚያበርድ ፀረ ተሕዋስ ታዘዘልኝ።

እስካሁን ያለው የሕክምና ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የጎረቤት ታሪክ ነው።

የብሎካችን ዕድር ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። ዳኛው ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የአቃቂ ልጅ፣ ድምፃቸው ከባቡር ጋር ሲፎካከር ኖሮ በዚያው የቀረ። ደረጃው ላይ አገኙኝ።

«ሰማሁ» አሉኝ። «ጥርስ ልትነቀል ነው። ደምህም ቀጭን ነው አሉ።»

«ቀጭን አይደለም ጋሼ። ለመርጋት ነው የሚዘገየው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም።»

«እሺ ያው አይሁን። እኔን ድሬዳዋ መካኒኩ ነው በፒንሳ የነቀለኝ። አንድ መለኪያ አረቄ ቀደም፣ አንድ መለኪያ አረቄ ኋላ። ክኒንህን ለጊዜው ተወው።»

«ከተውኩት እሞታለሁ ጋሼ።»

አሰቡበት። «አይ፣ እንዳትሞት» አሉ ቀስ ብለው። «ድንኳኑን ገና አልገዛንም።»

በዚያው ምሽት ወሬው ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ አዳረሰ። ሰዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ለሰሚው እንከን የለበትም። ሰውየው ደም ሊፈሰው ነው። ሊፈሰው ከሆነ አስቀድሞ ይግባለት። እንደ አራስ ይጠናከር። ሌላ ወር ቢሆን ጉበት ይመጣ ነበር፣ ቅቤ የጠጣ ቅንጬ ይመጣ ነበር፣ እኔም በሰላም ወፍሬ ጥርሴን እነቀል ነበር። በሁዳዴ ግን «ደም ይሆናል» ተብሎ የሚታመንበት ምግብ ቀይ ሥርና ጎመን ነው። ቀይ ሥሩ አልጎዳኝም።

ከሥራችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ የወሎ ሴት አለች። ባሏ የጭነት መኪና ያሽከረክራል፣ እሷ እህል ትነግዳለች፣ ሙስሊሞች ናቸው። የእሷን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛን እሷ አትበላም። ይህ ጠብ አይደለም፤ ሥርዓት ነው፤ ማንም አይቀየምበትም፣ በሠርግም ድስቱ ለየብቻ ይጣዳል። እንግዲህ አንዲት ሙስሊም የታመመ ክርስቲያን ጎረቤቷን ልታጠናክር ብትፈልግ፣ ጾም ቢሆንም ፍስክ ቢሆንም፣ የምትልከው ቅጠል ነው። ጎመን ሃይማኖት የለውም። በአንድ በኩል ጾሙ፣ በሌላ በኩል ሥርዓቱ ተጋግዘው የብሎካችንን ደግነት ሁሉ ወደ አንድ ድስት አፈሰሱት።

መጀመሪያ የመጣችው እሷው ናት። ሳህኑን ስትከፍተው እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው።

«አብሽር ወንድሜ» አለች። «ደምህን እመልሰዋለሁ። ዘይት አላበዛሁበትም፣ አለስልሼ ነው የቀቀልኩት፤ ለጥርስህ አይከብድም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ጎመን አይስማማኝም።»

«ጎመን የማይስማማው ማን አለ? በግ እንኳ ይስማማዋል።»

ሚስቴ ልታግዘኝ ሞከረች። «ሐኪሙ ነው ልኩን ጠብቅ ያለው።»

«ሐኪም ጨው ይከለክላል፤ ሥጋ ይከለክላል፤ እሱን እሰማለሁ። ጎመን የሚከለክል ሐኪም የት ተምሮ መጣ? አፈር ስሆን ቅመስ።»

ቀመስኩ። እሷ ቆማ እያየችኝ ነበር፣ ሳህኑም ባዶውን እስኪመለስላት ትጠብቃለች። እውነቱን ልናገር ብል «ምግብሽ ይገድለኛል» ማለቴ ነው፤ ይህን ነገር በትሕትና መናገር የሚችል ሰው አላጋጠመኝም። በማግስቱ የአንደኛ ፎቋ መምህርት መጣች። ከዚያ የፊት ለፊታችን ባልና ሚስት። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እናቶች በአንድነት። አንዳንዱ ጎመን በድንች፣ አንዳንዱ በካሮት፣ አንዳንዱ ቆስጣ ነው፣ ግን የሁሉም ምክንያት አንድ ነው። እኔ ከእያንዳንዱ ሳህን ትንሽ ትንሽ ብቻ እበላ ነበር። ድዴ ስላበጠ ሌላ ነገር ማኘክም አልችልም፤ ለስልሶ የበሰለ ጎመን ግን ያለ ጥርስ ይወርዳል። ትንሽ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የብሎክ ሙሉ ትንሽ ስንት እንደሚሆን አላሰብኩም።

ዋዜማው ደረሰና ደሜን ተለካሁ። ቁጥሩ አንድ ነጥብ አራት። ለልብ ሐኪሙ ደወልኩ።

«አቁመሃል» አለኝ።

«አላቆምኩም።»

«አትዋሸኝ። የጥርሷ ሐኪም አስቁማሃለች።»

«አላስቆመችኝም። ሚስቴ እያየችኝ ነው የምውጠው።»

«ታዲያ ምን ስትበላ ከረምክ?»

ጠረጴዛው ላይ የተከደነውን የዕለቱን ሳህን አየሁ።

«እየሰማኸኝ ነው?»

«ጎመን» አልኩ።

«ምን ያህል?»

«የብሎኩን።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የጥርስ ሐኪሟ ቁጥሩን ስነግራት ደስ ብሏት «እንዲህ ከሆነማ ነገውኑ ይምጡ፣ አይደማም» ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ አይደማም። የሚረጋው ደም ግን ድዴ ላይ ብቻ አይደለም የሚረጋው። የልብ ሐኪሙ ጥርሱን ለሌላ ጊዜ አስቀጠረው። ቁጥሩ እስኪመለስ ድረስ በየጠዋቱ ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ አዘዘ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እጅህ ከዛለ፣ አፍህ ከተጣመመ፣ ንግግርህ ከተያዘ ወዲያው ና። የብረቱንም ድምፅ ልብ በሉት። ድምፁ ከታፈነ ሳትውል ሳታድር ና» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሚስቴ በግድግዳ ሰዓት መቀለዷን ተወች። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳልነሣ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አስደግፋ ታዳምጣለች፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ፊቷን አነባለሁ። ጎረቤት ሬዲዮ ከከፈተ ግድግዳውን ትመታበታለች። ስትጨርስ «አለ» ትላለች። ከዚያ የንግግሬ ፈተና ይቀጥላል።

«አንድ ነገር በል እስኪ» ትለኛለች።

«ምን ልበል?»

«ረዘም ያለ።»

ስለ መንገዱ ቁፋሮና ስለ ወረዳው አስተዳደር ያለኝን አስተያየት አንድም ሳላስቀር እነግራታለሁ።

«ንግግርህ አልተያዘም» ትላለች፤ «ያሳዝናል።»

ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። እጇ ግን ደረቴ ላይ እንዳለ ይቆያል። እኔ በተፈጥሮዬ ሰው ሁሉ የሚፈራውን አለመፍራት የሚወድ ሰው ነኝ፤ በእነዚያ ጠዋቶች ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር በፍርሃት አንድ ሆኜ ነበር።

መርፌው እየሠራ ነው፤ ጎመኑ ግን እየመጣ ነው። ሚስቴ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርዳ ለወሎዋ ሴት እውነቱን ነገረቻት። ሴትዮዋ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ እጇን መጣች። ባዶ እጇን ስትመጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሻይ ቀረበላት፤ አልነካችውም።

«እውነት ነው?» አለችኝ።

«ጎመኑ ብቻውን አይደለም» አልኩ። «የሁሉም ነው።»

«ግን የእኔም አለበት።»

«አለበት።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ሥጋዬን አትበላም» አለች። «እሺ፣ እሱ የቆየ ነው፤ እኔም ያንተን አልበላም። አሁን ጎመኔንም አትበላም። ታዲያ እኔ ጎረቤትህ የምሆነው በምንድን ነው?»

 በዕድር ስብሰባ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ለሰው የማይዋጥለት መልስ አለኝ። ለዚህች ሴት ግን የራሴን ትቼ ሐኪሙ ያለውን ደገምኩላት። ዛሬም ትንሽ፣ ነገም ያችኑ ትንሽ። ዋናው ነገር መተው ሳይሆን አለመለዋወጥ ነው። አንድ ሰው ብቻ፣ በአንድ ልክ፣ በየቀኑ ቢሰጠኝ ሐኪሙ ደስታውን አይችለውም።

«ምን ያህል?»

ሚስቴ ከቁም ሣጥኑ አንድ ሲኒ አውጥታ አሳየቻት።

«በዚህ?» አለች ሴትዮዋ፣ ሲኒውን እያገላበጠች። «ይኼ ለድመት ነው።»

«በዚያው ነው።»

«ሳይጎድል?»

«ሳይጎድል፣ ሳይተርፍ።»

ሲኒውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ እሷ ያለ ጥብቅ መድኃኒት ቀማሚ አላየሁም። ሲኒውን በማንኪያ ጀርባ ጠፍጥፋ፣ አፉን ደልድላ፣ እኩል ሰዓት ላይ ታመጣለች። አንድ ቀን «ዛሬ ጣፍጦኛል፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» ብላት ሌባ እንዳየች አየችኝ።

የቀሩትን ግን እሷ ብቻዋን መከልከል አልቻለችም። ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደች። እሳቸውም እሑድ ከስብሰባው ማብቂያ ላይ፣ ግቢው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ጉዳይ ቀርቷል። የዚህ ወንድማችን የጎመን ጉዳይ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ወደዚያ ቤት ጎመን አይወጣም። አንድ ሰው ተመድቧል። ሌላው እጁን ይሰብስብ።»

«ቆስጣስ?» አለች መምህርቷ።

«ቆስጣ ጎመን ነው።»

«ሰላጣ?»

«ጎመን ነው።»

«ቃሪያ?»

ወደ እኔ ተመለከቱ። ትከሻዬን ሰበቅሁ። «ቃሪያ ይብላ» ብለው ወሰኑ። ከኋላ አንዱ፣ ወረዳ የሚሠራው፣ ነገሩ በአንድ ለአምስት ቢደራጅ ክትትሉ ይቀላል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ በቀልድ ይሁን በምር እስካሁን አላወቅሁም። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በዚያ ዘመን ሁሉም ነገር በሙሉ ድምፅ ይጸድቅ ነበር፤ እኔን የጠቀመኝ ግን ያው አንዱ ነው።

ቁጥሩ ወጣ። መርፌው ቆመ። በአዲሱ ቀጠሮ ዋዜማ ደሜ ሲለካ ሦስት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ተገኘ። ሚስቴ ቤት ቀርታ አልጋና ንጹሕ ጨርቅ ልታሰናዳ፣ እኔን የሚያደርሰኝ ሌላ ሰው እንዲሆን ተወሰነ። ዳኛው ራሳቸውን መረጡ።

ሳሪስ ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። የክሊኒኩ ጄኔሬተር ናፍጣ አልነበረውም። «ጥርሱን ለማውጣት መብራት ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ፣ ሌላው በእጅ ነው» አለች ሐኪሟ፤ ረዳቷ ግን ደሙን በጥጥ ስለምትመጥጥ እጇ አይተርፍም። ዳኛው ስልካቸውን አወጡ።

«እኔ አበራለሁ። በሎኮሞቲቭ ስር ስንት ሌሊት ፋኖስ የያዝኩ ሰው ነኝ።»

ማደንዘዣው ተወጋ። ሐኪሟ መያዣውን መንጋጋዬ ላይ ገጠመችና መነቅነቅ ጀመረች። ጨለማ ሆነባት።

«አባቴ፣ መብራቱ አፍንጫቸው ላይ ነው።»

«አፍንጫው ላይ?»

«ወደ አፋቸው ያድርጉት። ወደዚህም ይመልከቱ።»

«መመልከት አለብኝ?»

«ካልተመለከቱ እንዴት ያበራሉ?»

ዳኛው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጥርስ ሥዕል እያዩ ነበር የሚያበሩት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ማየት ያዙ። ጥርሱ በሁለት ተከፍሎ ወጣ። ሐኪሟ ቀዳዳውን ሰፋችው፣ ላዩ ላይ ወፍራም ጨርቅ አኖረች፣ አስነከሰችኝ። «አሁን አፍዎን አይክፈቱ» አለች። «አይናገሩ፣ አይትፉ፣ አይጉመጥመጡ። ጨርቁ ስር ደሙ ቀስ ብሎ ይረጋል፤ ከነካኩት ግን ተመልሶ ይጀምራል፣ የእርስዎ ደግሞ ሲጀምር ቶሎ አይቆምም።»

ዳኛው መብራቱን አጠፉ። «አይናገር?» አሉ። «እሱ?»

«ጭራሽ።»

«እስከ መቼ?»

«ቤት ገብተው ጨርቁ እስኪወጣ።»

ፊታቸው በራ። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በአዲሱ የከተማ ባቡር፣ ከቃሊቲ እስከ ገላን በሚኒባስ፣ ዓለምን ሁሉ አስረዱኝ። ጭስ የሌለው ባቡር ባቡር እንዳልሆነ፣ ኮንዶሚኒየም ሰውን ጨዋ እንዳደረገው፣ ከእኔ ጋር ባለፈው ስብሰባ የተከራከሩበት የዕድር ደንብ አንቀጽ ትክክል እንደነበረ። በዚህኛው ስህተት እንደነበሩ ማስረጃው አለኝ። ጨርቄን ነክሼ በመስኮት አየሁ። ከጥርሱ ይልቅ ያ መንገድ ነው ያመመኝ።

ችግሩ የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ሰው ተሰብስቧል። የታመመን መጠየቅ በእኛ ዘንድ ማየት ነው፤ ያላየ አልጠየቀም። መጀመሪያ የገባችው መምህርቷ፣ «እስኪ ክፈት ልየው» አለች። በእጄ አይሆንም አልኩ። «ትንሽ ብቻ» አለች። ዳኛውም፣ «እኔ አይቼዋለሁ፣ ጉድጓዱን ብታዪው!» ብለው ጉጉቷን አባባሱት። ሁሉም ከበቡኝ። የሚያሳዝን ፊት፣ ያዘነበለ አንገት፣ እናትነት። ከፈትኩ። አንዱ ሌላውን እየገፋ አየ። ሦስተኛው ሰው ላይ ጨርቁ ተንሸራተተና አፌ ውስጥ ሙቅ ነገር ሞላ።

ሚስቴ አየችው። ድምፅዋን አላነሣችም። «ሁላችሁም ውጡ» አለች። «አሁኑኑ።»

በብሎካችን እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ አያውቅም።  ከዚያ የወሎዋ ሴት መጀመሪያ ተነሣች፣ ሌሎቹን በትከሻ እየነካች አስወጣች፣ በሩን ከውጭ ዘጋችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሚስቴ አዲስ ጨርቅ አጥፋ አስነከሰችኝ፤ አገጬን ከሥር በእጇ ደግፋ ተጫነች። ዓይን ዓይኗን አየኋት። እሷ ደግሞ ጨርቁን ነው የምታየው፤ ነጩ ጥግ ቀስ ብሎ ይቀላል።  ብረቱ ብቻ ይሰማ ነበር።

ከበሩ ውጭ ሴትዮዋ ሰው ስትመልስ እሰማለሁ።

«ተኝቷል።»

«አየሁት እኮ፣ ቁጭ ብሎ ነበር።»

«ቁጭ ብሎ ነው የሚተኛው። ነገ ና።»

ዳኛውም ሁለተኛ ለመግባት ሞከሩ። «እኔ እኮ አብሬው ነበርኩ» ሲሉ ሰማኋቸው። «እንግዲያው በደንብ አይተውታል» አለቻቸው፤ «ሌላ ማየት አያስፈልግዎትም።»

የቀላው ጥግ መስፋቱን ተወ። ሚስቴ አልተነቃነቀችም። ፀሐይ ከመስኮቱ ወርዳ ወለሉ ላይ ስትደርስ ጨርቁን በጣቷ ጫፍ አንሥታ ሥሩን ተመለከተች፣ ጥቁር ቀይ ሆኖ የተጋገረ ደም አየች፣ መልሳ ከደነችው። እዚያው ወንበሩ ላይ፣ እጇ አገጬ ላይ እንዳለ፣ አለቀሰች። ያን ምሽት ክኒኔን በሰዓቷ ዋጥኩ።

ይኸው ነው ታሪኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰፈሩ ለእኔ አዲስ ማዕረግ ሰጥቶኛል። ክኒን የያዘ ሰው ሁሉ፣ የስኳሩም፣ የግፊቱም፣ የልቡም፣ ጥርሱ በተነቃነቀ ቁጥር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ባለፈው ዳኛው ራሳቸው መጡ። ኮዬ ፈጬ ያለች እህታቸው እንደ እኔው የደም መርጋትን የሚያዘገይ ክኒን ትወስዳለች፤ እሷም ጥርስ ልታወጣ ነው።

«ታቁመው ወይስ አታቁመው?» አሉኝ።

«ሐኪሟን ትጠይቅ።»

«አንተ ግን አላቆምክም።»

«እኔ አላቆምኩም፤ የእኔ ሐኪም ነው አታቁም ያለኝ። የእሷ ሌላ ክኒን ሊሆን ይችላል፣ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው አታቁሚ ልበላት።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉና ስልካቸውን አወጡ። እዚያው እፊቴ ሊደውሉላት ነበር። ስልካቸውን ከእጃቸው ቀማሁ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ነውር ነው፤ ግን ቀማሁ። ከዚያ የእህታቸውን ሐኪም ስም ጠይቄ፣ ሐኪሙ እስኪገኝ ድረስ ከቤቴ እንዳይወጡ ከለከልኳቸው። አሁንም ይቀየሙኛል።

እናንተም ይህን ያነበባችሁት ክኒን በኪሳችሁ፣ የሚያምም ጥርስ በአፋችሁ ይዛችሁ ከሆነ፣ በእኔ ታሪክ አታቁሙ፣ በእኔ ታሪክም አትቀጥሉ። ይህን ወረቀት አስቀምጡና ክኒኑን ላዘዘላችሁ ሐኪም ዛሬውኑ ደውሉ። ወደ እኔ አትምጡ።